ዶክተር ቻርልስ ሃጊንስ

እዚህ ማሻ ወይፈን ሲኮላሽ ያላየን የለንም። ዶክተር ሃጊንስ ይህንኑ ለሕክምና አዋሉት። በ1901 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ተወልደው የሠሩት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ውሻ ሲኮላሽ ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢው እንደሚሟሽሽ አዩ። በ1941 የፕሮስቴት ነቀርሳ የያዛቸውን ሰዎች ቆለጥ በማውጣት የብዙዎቹን ሥቃይ አስታገሡ። በ1966 ኖቤል ተሸለሙ፤ በ1997 ዐረፉ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም፤ ነቀርሳው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ለምን ቢባል፣ ሆርሞን የተነፈገው ሴል ሁሉ አይሞትማ! አንዳንዱ የገዛ አካሉን እየበላ ይሰነብታል፤ ይህም አውቶፋጂ ይባላል። ቴፒ ወርደን ወባ ሲይዘን የምንውጠው ክሎሮኪን ይህን መንገድ ይዘጋል። በቤተ ሙከራ ሆርሞን ተነፍገው ክሎሮኪን የተጨመረባቸው ሴሎች ይበልጥ ሲሞቱ ታይቷል። ለፕሮስቴት ሕመምተኛ ግን ገና መድኃኒት ሆኖ አልጸደቀም።