በርት መንሮ እና የሰፋው ሲሊንደር

የበርት መንሮን ስም መጀመሪያ የሰማሁት እንደ ብዙዎቻችሁ እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው፣ አንቶኒ ሆፕኪንስ ከተወነበት ፊልም ነው። ያኔ ስቄ አለፍኩት። መልሶ ያስታወሰኝ የአጎቴ ሞተር ሳይክል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ዳቦ የሚያከፋፍሉበት ሞተር ዘይት መብላትና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ጀመረ። እኔም የተማርኩ ነኝ ብዬ ሬክቲፊካ ቤት መውሰድ አያስፈልግም አልኳቸው። ቴስታታውን አወረድኩ፤ ድሪል ላይ የሚገጠም ባለ ሞላ ሆን ገዝቼ ሲሊንደሩን አሸሁት፤ አዲስ ፋሻ አስገባሁ። ሲያዩት ያበራ ነበር! ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጭሱ ተመለሰ፤ አጎቴም ከሥራ ቆሙ።

ጥፋቴ ምን ነበር? እንዲህ ያለው ሆን የሲሊንደሩን ግድግዳ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ሲሊንደሩ በልቶ ሞላላ ከሆነ ሞላላውን ያሳምረዋል እንጂ ክብ አያደርገውም። ክብ ለማድረግ መጀመሪያ በቦሪንግ ወደሚቀጥለው ልክ፣ ማለትም 0.25 ወይም 0.50 ሚ.ሜ. ማስፋት ያስፈልጋል። ለሆን የሚተወው የመጨረሻዋ ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ናት፤ ሥራውም ዘይት የሚይዘውን የተጠላለፈ ጭረት መተው ነው። ይሄንን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ግቢያችን ስደርስ ግን ረሳሁት። ከዚያ በኋላ ነው ያ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ብቻውን ጋራዥ ውስጥ እንዴት ቻለው ብዬ ሕይወቱን ማንበብ የጀመርኩት።

በርት መንሮ እ.ኤ.አ. በ1899 በኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ፣ ኢንቨርካርጊል ተወለደ፤ ያደገው ገበሬ ቤት ነው። በ1920 አንድ ኢንዲያን ስካውት ሞተር ሳይክል ገዛ። 600 ሲሲ ነበር፤ ሲሸጥ በሰዓት ከ90 ኪ.ሜ. ብዙም አያልፍም። በ1926 መነካካት ጀመረና እስኪያረጅ አልተወውም። መተዳደሪያው ሞተር ሳይክል መሸጥ ነበር፤ ቀን ይሸጣል፣ ሌሊት ይሠራል። አራት ልጆች ያፈራበት ትዳሩ በ1940ዎቹ ፈረሰ፤ ሥራውንም ትቶ ኑሮውን ጋራዡ ውስጥ አደረገ። አልጋውና ቶርኖው ጎን ለጎን ማለት ነው።

አሁን ወደ ሲሊንደሩ ልምጣ። መንሮ ያንን 600 ሲሲ በመጨረሻ 950 አድርሶታል። ስትሮኩን ሳንነካ ቦሩን ብቻ አስፍተን እዚያ እንድረስ ብንል፣ 70 ሚ.ሜ. ገደማ የነበረው ወደ 88 መሄድ አለበት። እስቲ እናንተም አስሉት። 18 ሚ.ሜ.! እኛ 0.50 ላይ ነው የምንጨነቀው። ፋብሪካው የሰጠው ግድግዳ ይህን አይችልም፣ ያልቃል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን ራሱ ከአሮጌ የካስት አይረን ቧንቧ ቀርጾ ሠራቸው። ፒስተኖቹን አሉሚኒየም አቅልጦ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አፈሰሳቸው። ቢየላዎቹን ከትራክተር አክሰል ብረት በሞረድ አወጣቸው። እኔን በጣም የገረመኝ ግን ፒስተኑ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከካስት አይረን እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ክፍተቱን ካጠበብከው ይነክሳል፣ ካሰፋኸው ያንኳኳል፣ ዘይትም ይበላል። መንሮ በቤት የቀለጠ ብረት እንዴት እንደሚሰፋ የሚነግረው ሠንጠረዥ የት ያገኛል? ያወቀው ሞተሩን እያፈነዳ ነው። የተሰባበሩትን ፒስተኖችና ቢየላዎች መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መባ ብሎ ጽፎባቸዋል። እዚህ ላይ ከእኔ ጋር ያለን ልዩነት ታየኝ። እሱ የሰበረው የራሱን ሞተር ነው፤ እኔ የሰው እንጀራ ላይ ነው የተለማመድኩት።

በአሜሪካ ዩታ ግዛት ቦንቪል የሚባል የጨው ሜዳ አለ፤ የአፋርን ያየ ሰው ይገምተዋል። መንሮ በ1962 እዚያ በ850 ሲሲ በሰዓት 288 ኪ.ሜ. ሮጦ በክፍሉ ሪከርድ ያዘ። በ1966 ሞተሩን 920 አድርሶ ሌላ ክፍል ውስጥ ሪከርድ ያዘ፤ ፍጥነቱ ግን 270 ነበር። ሲሲ ሲጨምር ፍጥነት ሁልጊዜ ይጨምራል ለምትሉ ይቺን ያዙልኝ። በ1967 በ950 ሲሲ 295.45 ተመዘገበለት፤ ለማጣሪያ ባደረገው የአንድ አቅጣጫ ሩጫማ 305.89 ደርሷል። ዕድሜው 68፣ የሞተሩ ደግሞ 47 ነበር።

መንሮ በጥር 1978 አረፈ። ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ልጁ የ1967ቱን ቁጥሮች ሲያይ የሁለቱ ሩጫዎች አማካይ በስሌት ስህተት መበላሸቱን አገኘ። የአሜሪካ ሞተር ሳይክሊስቶች ማኅበርም ሪከርዱን ወደ 296.26 አረመው። ጋራዥ ውስጥ በዓይኑና በእጁ ሲለካ የኖረውን ሰው የበደለው የባለሙያዎቹ ሂሳብ ነበር።

የአጎቴን ሲሊንደር በመጨረሻ ሬክቲፊካ ቤት ወሰድኩት። በ0.50 ሰፋ፣ ልኩ የሆነ ፒስተን ተገጠመለት። ቦር ጌጁን እንድይዝ ፈቅደውልኝ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በሁለት በሁለት አቅጣጫ ለካሁ። ከዚያም ምናለሽ ተራ ሄጄ አንድ የተጣለ ሲሊንደር ገዛሁ። እሱን ባበላሸው ዳቦ የሚቀርበት ሰው የለም።