ዳግማዊ ቴዎድሮስና የባለ እጅ ክብር

ከቋራ ወደ ምዕራብ የወረደ ሰው በመተማና በገላባት አልፎ ወደ ገዳሪፍ ሜዳ ይደርሳል። በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ላይ ከደጋው ቡና፣ ሰምና በቅሎ፣ ከቆላው ደግሞ ጥጥ እየመጣ በመተማ ገበያ ይገናኝ ነበር። በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት በዚህ ጠረፍ አጠገብ፣ በቋራ ነው።

በዚያ ጊዜ ሱዳንን የያዘው የግብጽ መንግሥት ነበር። ካሣም በ1840 ዓ.ም. ወደ ቆላው ወርደው ደባርቂ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ተዋጉ፤ ነገር ግን ድል ሆኑ። የተዋጊዎቻቸው ጀግንነት መድፍንና በሥርዓት የተሰለፈን ወታደር ሊመክት አልቻለም። ከዚያ ቀን ወዲህ የጦር መሣሪያ ሥራ ከልባቸው አልወጣም።

በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ አገሩ ባለ እጁን የሚንቅ ነበር። ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ገንፎውን የምታበስልበትን ሸክላ የምትሠራው ሴት፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሁሉም ሥራቸው ይፈለግ ነበር እንጂ ስማቸው በስድብ ይጠራ ነበር፤ ቀጥቃጩም ቡዳ ይባል ነበር። ንጉሡ ግን የአገር ኃይል ከባለ እጅ ዘንድ መሆኑን ተረዱ። በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪስኮና ትምህርት ቤት ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን ዋልድማየርንና ጓደኞቹን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። የአገር ልጆችም ከእነርሱ ጋር እየሠሩ ሙያውን እንዲማሩ ተደረገ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሰመረም። ነገር ግን ምድጃው ደጋግሞ ተሠራ፤ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ትልቅ መድፍ ወጣ። ወደ መቅደላ ሲጓጓዝ መንገዱ በየስፍራው መጠረግ ነበረበት፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ አነሡ። ባለ ዘውድ በእጁ ሲሠራ ያየ ሠራዊት የሥራን ክብር ከማንኛውም ስብከት የበለጠ ተማረ።

ይሁን እንጂ የዚህ ታላቅ ሰው ፍቅር አንድ ጉድለት ነበረበት። አዲሱን መድፍ ያህል የአባቶችን የእጅ ሥራ አልጠበቁም። በዚያው በ1859 ዓ.ም. ጐንደርን ዘርፈው አቃጠሉ፤ ከአድባራቱ የተሰበሰቡትን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በመቅደላ አከማቹ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ንጉሡ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሮቹ የተከማቸውን ዘረፉ፤ በደላንታ ሜዳም በሐራጅ ተሸጠ። በጐንደር ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የተሰጠው የወርቅ ጽዋ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ያችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብም እንደ ቴዎድሮስ የቋራ ተወላጅ ነበሩ።

ሴባስቶፖል ግን ከብዶ ቀረ፤ እስከ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ነው። ዐይኑን ሳያነሣ የሚመለከተው ሰው የጦር መሣሪያ ብቻ አያይም፤ ጭቃውን የለወሱ፣ ወናፉን የነፉ፣ የቀለጠውን ነሐስ በቅርጽ ያፈሰሱ እጆችን ያያል። ስማቸው አልተጻፈም።

የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ለመምህር ሁለት ትምህርት ይሰጣል። ባለ እጅን ማክበር አዲስ ነገር ያስገኛል፤ የቀድሞውን ሥራ አለመጠበቅ ግን የተገኘውን ያጠፋል። ተማሪ በቤቱ ያለውን ሞሰብ፣ የአያቱን ኮርቻ፣ የመጽሐፉን ማኅደር ማን እንደ ሠራውና እንዴት እንደ ተሠራ ቢጠይቅ፣ ሁለቱንም ትምህርት በአንድ ጊዜ ይማራል።