የኒኮላ ቴስላ ሕይወትና የሚዞረው ማግኔት

በዛሬው ዘመን ሞተርን በፕሮግራም ማዘዝ የሚማር ወጣት፥ ማይክሮኮንትሮለር የምትባለውን ጥፍር የምታህል ዕቃ ከፊቱ አስቀምጦ ጥቂት መስመር ትእዛዝ ይጽፍባታል። ሞተሩም ሲዞር ይደሰታል። ነገር ግን ያ ትእዛዝ የሚፈጽመው ሥራ በ1882 በአንድ ወጣት ጭንቅላት ውስጥ የታሰበ መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒኮላ ቴስላ በ1856 ዛሬ ክሮኤሺያ በሚባለው፥ ያን ጊዜ ግን በኦስትሪያ መንግሥት ሥር በነበረው አገር፥ ስሚልያን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የሰርብ ኦርቶዶክስ ቄስ ስለ ነበር ልጁም ክህነቱን እንዲወርስ ይመኝ ነበር። ልጁ በኮሌራ ታሞ ከሞት አፋፍ በደረሰ ጊዜ ግን፥ ቢድን ምሕንድስና እንዲማር ሊፈቅድለት ቃል ገባ፤ ዳነም።

በ1875 ግራትስ ከተማ ከሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። ከዕለታት አንድ ቀን የፊዚክስ መምህሩ ከፓሪስ የመጣ ሞተር ለተማሪዎቹ አሳየ። የዚያ ዘመን ሞተር ኮረንቲ የሚያገኘው በሚዞረው ክፍል ላይ እየተፋተገ ከሚነካው ብሩሽ ነበር፤ ዛሬ መካኒኮቻችን ካርቦን የሚሉት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከሽቦ ይሠራ ነበር። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ብሩሹ እሳት ይተፋል። ቴስላ ይህ ፍትጊያ ፈጽሞ ቢቀርስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። መምህሩም ሐሳቡ የማይሆን መሆኑን ለማስረዳት ትምህርቱን ሁሉ በዚሁ ነገር ላይ አዋለው። በጓደኞች ፊት እንዲህ መታረም ለወጣት ቀላል አይደለም። ቴስላ ለጊዜው ተረታ፤ ሐሳቡ ግን አልለቀቀውም። ከዚያም ቁማር ይዞት ያለ ዲፕሎማ ከትምህርት ቤቱ ወጣ።

መልሱ የመጣለት በ1882 በቡዳፔስት መናፈሻ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሲመላለስ ነው። በእንጨት አሸዋ ላይ ሥዕሉን ነደፈ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በክብ የተደረደሩ የሽቦ ጥቅሎች ኮረንቲውን በተራ በተራ ቢቀበሉ፥ የማግኔቱ ኃይል ራሱ ይዞራል፤ በመካከል ያለውም ብረት ምንም ሳይነካው ይከተለዋል።

በ1884 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በኤዲሰን ድርጅት ተቀጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ተለየ፤ ቦይ እስከ መቆፈርም ደረሰ። በግንቦት 1888 ግን የሞተሩን ፈቃድ አገኘ፤ ዌስቲንግሃውስም ገዛው። ቢሆንም ከፒትስበርግ ፋብሪካ ሌላ ችግር ጠበቀው። የፋብሪካው ኮረንቲ በሴኮንድ 133 ጊዜ ይመላለስ ነበር፤ ለሞተሩ ይህ እጅግ ፈጣን ነበር። የዚህ ሞተር ፍጥነት የሚወሰነው በኮረንቲው መመላለስ ስለ ሆነ፥ ከኃይል ጣቢያው በስተቀር እንደ ልብ የሚያዝዘው አልነበረም። በኋላ አሜሪካ 60ን መረጠች፤ በ1896 የናያግራ ኃይል ቡፋሎ ከተማ ደረሰ፤ ፍጥነትን እንደ ልብ መለወጡ ግን ገና ነበር።

በ1898 ቴስላ በኒው ዮርክ አንዲት ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ ሲያዝዝ ሕዝብ አየው። በእኔ አስተያየት ለዛሬው ተማሪ ከናያግራ ይልቅ የምትጠቅመው ይህች ጀልባ ናት። ከሩቅ የመጣው ደካማ ምልክት ሞተሩን አያዞርም፤ የባትሪውን ብርቱ ኮረንቲ ይከፍታል ወይም ይዘጋል እንጂ። ጀማሪውም የሚማረው ይህንኑ ነው። ከማይክሮኮንትሮለር እግር የሚወጣው ኮረንቲ አንዲት ትንሽ መብራት ለማብራት ያህል ነው፤ ሞተር በቀጥታ የሚያያዝባት ሰው ሊያቃጥላት ይችላል። ስለዚህ በመካከል ትራንዚስተር ይገባል። ሽቦው ኮረንቲ በተቋረጠበት ቅጽበት ኃይል መልሶ ስለሚወረውርም ዳዮድ ይደረግለታል።

ብሩሽ በሌለው የዛሬ ሞተር ስድስት ትራንዚስተሮች ሦስቱን ጥቅሎች በተራ ይከፍታሉ፥ ይዘጋሉ። መዞሪያው የት እንደ ደረሰ አንድ ጠቋሚ ይነግራታል፤ ማይክሮኮንትሮለሯም ቀጥሎ የትኛው እንደሚከፈት ታዝዛለች። የመመላለሱን ፍጥነት የሚወስነው እንግዲህ የኃይል ጣቢያው ሳይሆን ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው።

ቴስላ ይህን አላየም። ጥር 7 ቀን 1943 በኒው ዮርክ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ብቻውን፥ ያለ ሀብት ሞተ። በ1960 የዓለም የመለኪያ ጉባኤ የማግኔት ብርታት መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰነ።