ከጥልፍ ሠሪ የተማረው ሐኪም

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። የሮቦት ክንዶች ቀጭን መርፌ ይዘው፣ በሕይወት ካለ ለጋሽ የተወሰደን ኩላሊት ከታማሚው የደም ሥር ጋር ይሰፋሉ። ሐኪሙ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ክንዶቹን ያዛል። እህቴ ለወንድማችን ኩላሊቷን ከሰጠች ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሳላይ አላልፍም።

እኔን የገረመኝ ግን ሮቦቱ ሳይሆን ስፌቱ ነው። ሥረ መሠረቱ ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ ሰውየውም አሌክሲስ ካሬል ይባላል።

ካሬል በ1873 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ፈረንሳይ፣ ሊዮን አጠገብ ተወለደ። ሕክምና እየተማረ ሳለ፣ በ1894፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ እዚያው ሊዮን ውስጥ በጩቤ ተወጉ። ወደ ጉበት የሚሄደው ትልቁ የደም ሥራቸው ተቆርጦ ስለነበር ሐኪሞች እያዩዋቸው ሞቱ። ያኔ የደም ሥር መስፋት ከባድ ነበር፤ ወይ ያፈሳል፣ ወይ ደም ረግቶ ይዘጋል።

ነገሩ ለወጣቱ አልዋጥለት አለ። ታዲያ ማን ጋ ሄደ? ፕሮፌሰር ጋ እንዳይመስላችሁ! ከአንዲት ጥልፍ ሠሪ ሴት ዘንድ በቀጭን መርፌ መስፋት ተማረ። ከዚያ የራሱን ዘዴ ፈጠረ፤ የደም ሥሩን ክብ አፍ በሦስት ክር ወጥሮ ሦስት ማዕዘን ማድረግ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጎን ቀጥ አድርጎ መስፋት። ቀላል ይመስላል አይደል? አሜሪካ ተሻግሮ በዚሁ ዘዴ የእንስሳት ኩላሊት ነቀለ፣ ተከለ። በ1912 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በ1954 ቦስተን ውስጥ መንታ ለመንታ ወንድሙ ኩላሊት ሲሰጥ ግን ካሬል ከሞተ 10 ዓመት አልፎት ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኅብረተሰቡ ለማይጠቅሙት ለምን ይለፋል ብሎ ጠየቀ፤ ከባድ ወንጀለኞችና ወንጀል የፈጸሙ የአእምሮ ሕሙማን በጋዝ እንዲገደሉም ሐሳብ አቀረበ። ፈረንሳይ በናዚዎች ስትያዝ ደግሞ ከቪሺ መንግሥት ጋር ሠራ። በ1944 ፓሪስ ነፃ ከወጣች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከጠላት አብሯል እየተባለ ሞተ። ሊዮን ውስጥ በስሙ ይጠራ የነበረው የሕክምና ፋኩልቲም በ1996 ስሙን ቀየረ።

እኔ ስለ እጁ አመሰግነዋለሁ። ስለ ሐሳቡ ግን፣ አይ! ወንድሜ በታመመባቸው ዓመታት ሥራ መሥራት አይችልም ነበር፤ በካሬል ሚዛን ቢቀመጥ የሚቀል ይመስለኛል። እህቴ ግን ሚዛን አላወጣችም። ኩላሊቷን ሰጠች፣ አለቀ።