የሥራ ሰዎች ሐኪም፤ በርናርዲኖ ራማዚኒ

የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች በርናርዲኖ ራማዚኒን የሥራ ሕክምና አባት ይሉታል። ስሙ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀውን ያህል በእኛ በመሐንዲሶች ዘንድ አልታወቀም፤ ይሁን እንጂ ሊታወቅ ይገባዋል። ይህ ጣሊያናዊ የሠራተኛውን በሽታ በአካሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በመቀመጫው፣ በመሣሪያው፣ በሚተነፍሰው አየርና በሥራው አኳኋን ውስጥ ጭምር ፈልጎታል። መቀመጫውን፣ መሣሪያውንና አየሩን የሚወስነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ሳይሆን መሐንዲሱ ነው።

ራማዚኒ በ1633 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰሜን ጣሊያን፣ ካርፒ በምትባል ከተማ ተወለደ። በፓርማ ሕክምና ተምሮ በ1659 ተመረቀ። ለጥቂት ጊዜ በሮም ከተለማመደ በኋላ በቪተርቦ አካባቢ ባሉ የገጠር ከተሞች በሐኪምነት አገለገለ፤ ነገር ግን ወባ ስለ ጸናበት ወደ ትውልድ ስፍራው ተመለሰ። በ1671 ወደ ሞዴና ተዛወረ፤ በ1682 የከተማዪቱ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ሲደራጅም የሕክምና መምህር ሆኖ ተሾመ።

በሞዴና ሳለ ከሕክምና ውጭ የሆነ አንድ ነገር ቀልቡን ሳበው። የከተማዪቱ ጉድጓድ ቆፋሪዎች እስከ ተወሰነ ጥልቀት ከቆፈሩ በኋላ የመጨረሻውን ንጣፍ በመሰርሰሪያ ሲበሱት ውኃው በራሱ ግፊት ሽቅብ ይፈነዳ ነበር። ራማዚኒ ይህን መርምሮ በ1691 ስለ ሞዴና ምንጮች መጽሐፍ አሳተመ። ባሮሜትርም እየተመለከተ የአየሩን ጠባይ ይመዘግብ ነበር። እንግዲህ የኛን ሙያ ከሩቅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ስሙን ያስጠራው ግን ሌላ ጉድጓድ ነው። በሞዴና የየቤቱ መጸዳጃ በየሦስት ዓመቱ ይጠረግ ነበር። የራማዚኒ ቤት ተራ ደርሶ ሥራው ሲካሄድ፣ ሠራተኛው ያለ ዕረፍት ሲጣደፍ አየውና ስለምን እንዲህ እንደሚቸኩል ጠየቀው። ሰውዬው ቀና ብሎ፣ በዚያ ስፍራ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ሰው ዓይኑ እንደሚጠፋ አስረዳው። ከጉድጓዱ ሲወጣ ራማዚኒ ዓይኖቹን መረመረ፤ ቀልተውና ፈዘው አገኛቸው። ከዚያም በከተማዪቱ ከሚለምኑት ዓይነ ስውራን መካከል በዚሁ ሥራ የኖሩ መኖራቸውን አስተዋለ። ከጥንት ከሂፖክራተስ ጀምሮ ሐኪም ለበሽተኛው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች የታወቁ ነበሩ፤ ራማዚኒ በነዚያ ላይ አንድ ጨመረ፤ ይኸውም የበሽተኛው ሥራ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከማዕድን ቆፋሪ እስከ ወፍጮ ሠሪ፣ ከመስተዋት ሠሪ እስከ አዋላጅ በየሥራ ቤቱ ዞረ። ያገኘውንም በ1700 በላቲን ቋንቋ በሞዴና አሳተመ። መጽሐፉ ከ40 የሚበልጡ የሙያ ዓይነቶችን ይተነትናል። ብዙዎቹ ምዕራፎች ስለ እርሳስ፣ ስለ ሜርኩሪና ስለ አቧራ ቢሆኑም፣ ለዘመናችን ሰው በይበልጥ የሚቀርበው ተቀምጠው ስለሚሠሩት የጻፈው ይመስለኛል።

ልብስ ሰፊዎችና ጫማ ሰፊዎች ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ስለሚውሉ ጀርባቸው ይጎብጣል፣ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ጤናቸውም በጠቅላላው ይታወካል ይላል። በማኅበራቸው በዓል ቀን ጎብጠውና እያነከሱ በሰልፍ ሲሄዱ ማየት እንደሚያስቅም ይናገራል፤ ሳቁ ባይኖር በተሻለ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ትዝብቱ ግን ሸክላ ሠሪውና ሸማኔው ተቀምጠው ቢሠሩም እጅና እግራቸውን ስለሚያንቀሳቅሱ ከሌሎቹ ይልቅ ጤነኞች መሆናቸው ነው። ምክንያቱን በዘመኑ ትምህርት መሠረት፣ ክፉ የሰውነት ፈሳሽ በእንቅስቃሴ ይበተናል በማለት ያስረዳል። ማብራሪያው ስሕተት ነው፤ ንጽጽሩ ግን ትክክል ነው። መድኃኒት አድርጎ ያዘዘውም ቀላል ነበር፤ ቢያንስ በበዓል ቀን ሰውነታቸውን በእንቅስቃሴ እንዲያፍታቱ ነው።

ይህ ንጽጽር በቁጥር እስኪረጋገጥ 250 ዓመት ያህል ፈጀ። በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሾፌሮችና ቲኬት ቆራጮች አወዳድረው፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ የሚወጡትና የሚወርዱት ቲኬት ቆራጮች ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ በልብ በሽታ የሚያዙት በጥቂቱ መሆኑን አሳተሙ። አንድ መኪና፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ልዩነቱ ደረጃው። በሕንፃ ንድፍ ላይ አሳንሰሩን ከፊት አቁመን ደረጃውን ከብረት በር ኋላ የምንደብቅ ሰዎች ይህን ጥናት ከሐኪሞቹ በፊት ማንበብ በተገባን ነበር።

ራማዚኒ ለሐኪሞችም የሰጠው ምክር አለ። ወደ ድኻ ቤት የገባ ሐኪም ያማረ ወንበር ቢያጣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሳይቸኩል እንዲጠይቅ አሳሰበ። በአገራችን ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት እየሆኑ ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወሩ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች በዚህ መልክ ሠልጥነዋል። መጀመሪያ ትኩረታቸው በንጽሕና፣ በእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ በወባና በመሳሰሉት ተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር፤ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና የመሳሰሉት ሥር የሰደዱ ሕመሞች በትምህርታቸው ውስጥ የገቡት ኋላ ነው። በነዚህ ሕመሞች ረገድ ከደጃፍ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ከክኒን ይቀድማል፤ ሰውዬው በምን ሥራ ይተዳደራል፣ ስንት ሰዓት ይቀመጣል፣ ምን ያህል ይራመዳል የሚለው ነው። ይህንን ጠይቆ መልሱን ለመረዳት ረጅም የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም፤ ጥሩ ሥልጠናና የሰፈሩን ሰው ማወቅ ይበቃል።

ወደ ራማዚኒ እንመለስ። መጽሐፉ በታተመበት በ1700 የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ መምህር አድርጎ ጠራው። በዚያ ዘመን 67 ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ጡረታ እንጂ አዲስ ሹመት አይጠብቅም ነበር። ዓይኑ ቀስ በቀስ ቢደክምም መጽሐፉን አስፋፍቶ በ1713 እንደገና አሳተመው። ከተጨመሩት ምዕራፎች አንዱ ስለ ጸሐፊዎች ሲሆን፣ ሕመማቸው ከሦስት ነገሮች እንደሚመነጭ ያስረዳል፤ ዘወትር መቀመጥ፣ እጅን በአንድ አቅጣጫ ሳያቋርጡ ማንቀሳቀስ፣ እንዳይሳሳቱ በመጨነቅ የሚደርስ የአእምሮ ድካም። በንድፍ ጠረጴዛ ላይም ሆነ በኮምፒዩተር ፊት የዋለ መሐንዲስ ሦስቱንም ያውቃቸዋል። ራማዚኒ የሚያውቀው አንድ ውል ጸሐፊ ቀኝ እጁ ሲዝልበት በግራው መጻፍ ተለማመደ፤ ጥቂት ቆይቶ ግራውም እንደ ቀኙ ሆነበት።

ራማዚኒ ራሱም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማየት ስለ ተሳነው ሌሎች ያነቡለትና ይጽፉለት ነበር። ማስተማሩን ግን አልተወም። በኅዳር 1714፣ ዕድሜው ወደ 81 ሲደርስ፣ በፓዱዋ ወደ ትምህርቱ ለመሄድ ሲሰናዳ ድንገተኛ የአንጎል ምታት ደረሰበትና በዚያው ዐረፈ።