ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የመጀመሪያው ሸክላ

ከኢትዮጵያውያን ሁሉ አስቀድመው ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹት የሚንጃሩ ተወላጅ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር የላኳቸው ግን የአውቶሞቢል መንዳትና ጥገና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸውም ሞተሩን እየተማሩ በበርሊን ከተማ ግጥማቸውን እያዜሙ አስቀረጹ።

በዚያ ዘመን ቀረጻ በኤሌክትሪክ አልነበረም። ዘፋኙ በትልቅ ጡሩምባ አፍ ላይ ሲያዜም ድምፁ ስስ ሽፋንን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑም መርፌን እያንቀሳቀሰ ሰም ላይ ይጭራል። ከሰሙ በተገለበጠው ሸክላ ላይ ሌላ መርፌ በዚያው ጭረት ሲሄድ ድምፁ ተመልሶ ይወጣል። ይህንን እኛም ልንፈትነው እንችላለን፤ ወረቀት እንደ ጡሩምባ ጠቅልለን፣ ጫፉ ላይ መርፌ ሰክተን፣ በሚሽከረከር አሮጌ ሸክላ ላይ ብናሳርፈው ዘፈኑ በቀጭኑ ይሰማል። መርፌው ስለሚቧጭር ግን ውድ ሸክላ አይሞከርበትም።

ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ድምፃቸው ግን ዛሬም ይሰማል። በጣና ዳር መሰንቆ ሲመቱ የኖሩ ስንት አዝማሪዎች ግን ዜማቸው ሳይቀረጽ አብሯቸው ተቀብሯል። ስለዚህ እኛ የባሕር ዳር ተማሪዎች የመሣሪያ ዕውቀትን ከዜማ ፍቅር ጋራ አስተባብረን፣ በሕይወት ያሉትን አረጋውያን ድምፅ ለመጪው ትውልድ እናቆይ።