ስም ይጸናል፣ መግለጫ ይታረማል፦ የካርል ሊኔየስ ሕይወት

አንዱ ሠልጣኝ ግራዋ የሚለውን ተክል ከሌላ አካባቢ የመጣው ጓደኛው ኤቢቻ ይለዋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ነገር ግን ሁለቱ በየፊናቸው ስለ ተክሉ ቢጽፉ፣ የጻፉት ስለ አንድ ነገር መሆኑን ሦስተኛው ሰው በምን ያውቃል? ለዚህ ጥያቄ ዓለም የተስማማበትን መልስ ያስገኘው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው።

ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1707 በደቡብ ስዊድን ተወለደ። በዚያ ዘመን የአገሩ ሰው እንደኛው በአባት ስም ነበር የሚጠራው። አባቱ ግን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሚያስፈልገው ከአንድ ትልቅ የሊንደን ዛፍ ስም ወሰደ። አባትየው አትክልት የሚወድ የሉተራን ቄስ ነበርና ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከተክል ጋር አደገ። ሕክምና ተምሮ በ1735 በሆላንድ ተመረቀ፤ በ1741 በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? በጊዜው የአንድ ተክል ስም መግለጫውም ጭምር ነበር። የቲማቲም ስም ስለ ግንዱ፣ ስለ ቅጠሉና ስለ አበባው የሚዘረዝር ረጅም የላቲን ሐረግ ነበር። ሌላ ተመሳሳይ ተክል በተገኘ ቁጥር ሐረጉ ይረዝማል፤ ሊቃውንቱም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይለውጡታል። ሊኔየስ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 6000 የሚጠጉ ተክሎችን መዘገበ፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ቃል ብቻ ያለው ስም ሰጠ። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። ስም ለብቻው፣ መግለጫ ለብቻው ሆነ ማለት ነው።

መዝገቡ ግን ተጽፎ የተዘጋ አልነበረም። ሊኔየስ የደረቁ ተክሎችን ባልተጠረዙ ወረቀቶች ላይ ያኖር ስለነበር አዲስ የመጣውን በየቦታው ማስገባት ይችል ነበር። በየእትሙም ያርም ነበር፤ ከዓሣ ጋር መድቦት የነበረውን ዓሣ ነባሪ በ1758 ወደ አጥቢዎች አዛወረው።

ያላረማቸው ስሕተቶችም አሉ። ቡናን ኮፊያ አራቢካ ብሎ ሲሰይም መገኛው ዓረብ አገር ነው ብሎ ጻፈ። ዋናው የተፈጥሮ መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ግን ዛሬ እናውቃለን። ስሙ ለምን አልተለወጠም? ስም መለያ እንጂ የትውልድ ማስረጃ አይደለማ! ቢለወጥ ኖሮ በዚያ ስም የተጻፈው ሁሉ በተበታተነ ነበር። የታረመው በስሙ ሥር የሰፈረው መግለጫ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። የሰውን ልጅ በአራት ከፍሎ ጠባይን ከቆዳ ቀለም ጋር አቆራኘ። መዝገቡ የጋራ ነበርና ስሕተቱም የጋራ ሆኖ ተዛመተ፤ ለዘረኞችም መሣሪያ ሆነ።

ሊኔየስ በ1778 ሞተ። ከሞተ በኋላ ሳይንቲስቶች በዓለም አቀፍ ደንብ የተክል ስም ከ1753፣ የእንስሳት ስም ከ1758 መጽሐፉ እንዲቆጠር ተስማሙ። ከ2013 ወዲህም አዲስ የእንጉዳይ ወይም የሻጋታ ስም ተቀባይነት የሚያገኘው በታወቀ የጋራ መዝገብ ገብቶ መለያ ቁጥር ሲያገኝ ነው።

እንግዲህ የነገ መምህራን፣ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ስም አትናቁበት። ከጋራው ስም ጎን አስፍሩለት። መግለጫው የተሳሳተ ሆኖ ሲገኝም ስሕተቱን በግልጽ እያሳያችሁ አርሙ፤ የጋራ መዝገብ ዕድሜ የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነውና።